ከሀይ ቴንሽኑ ስር ያለው ባዶ መሬት

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ለምን ቡና እንዳልኩ መሃል ላይ ስትደርሱ ይገባችኋል።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ በአንድ ሰፈር ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ስብሰባ ልበለው እንጂ፣ ማንጎ ዛፍ ስር ወንበር ያመጣ በወንበሩ፣ ያላመጣ ጀሪካን ገልብጦ ተቀምጦ የተደረገ ጨዋታ ነው። ጉዳዩን ብዙዎቻችሁ ከየሰፈራችሁ ታውቁታላችሁ። ከቤቶቹ ጀርባ ሀይ ቴንሽን ያልፋል። ከስሩ ደግሞ ፍየል የሚግጥበት፣ ልጆች ኳስ የሚያባርሩበት ሰፊ ባዶ መሬት አለ። አሁን እዚያ ላይ ለተደራጁ ወጣቶች ሼድ፣ ጥቂት ሱቆች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ የልጆች መጫወቻ ይሠራ የሚል ሐሳብ መጥቷል።

አንድ ወጣት ተነሳና፣ "ተመርቄ ሦስት ዓመት ቁጭ ብያለሁ። መሬቱ ላይ ፍየል ይውልበታል። እኔ ከፍየል አንሼ ነው?" አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። አንድ አባት ደግሞ፣ "ልጄ፣ ይሄ ሽቦ ዝናብ ሲያካፋ ሌሊቱን ሲያጉረመርም ነው የሚያድረው። የሚያጉረመርም ነገር ስር ሱቅ አይከፈትም" አሉት። ከዚያ የአንዷ እናት ተራ ደረሰ፤ ሌላ ቦታ ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰምታለች። ሁሉም ዞር ብለው እኔን አዩኝ። "ዶክተር፣ ያመጣል ወይስ አያመጣም? በአንድ ቃል ንገረን።"

በአንድ ቃል አልሆነልኝም። ተንተባተብኩ ማለት ይቀላል። "በጥናት እስካሁን..." ብዬ ስጀምር ከኋላ አንዱ "እሱም አያውቅም!" አለ፤ ጨዋታው ወደ ሌላ ሄደ። ስለዚህ ያን ቀን መመለስ የነበረብኝን ዛሬ ልመልስ። አስቀድሜ አቋሜን ልንገራችሁ፦ እዚያ መሬት ላይ ሱቅም፣ ሼድም፣ የልጆች መጫወቻም መሠራት የለበትም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ካንሰር አይደለም።

የካንሰሩን ነገር እንጨርሰው።

ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ሽቦ ሁሉ በዙሪያው ሁለት ነገር ይፈጥራል፦ የኤሌክትሪክ መስክና የማግኔት መስክ። የኤሌክትሪክ መስኩን ግድግዳና ዛፍ ይከለክሉታል። የማግኔት መስኩን ግን ግድግዳ አያቆመውም፤ የሚያደክመው ርቀት ነው። የሚለካው ማይክሮ ቴስላ በሚባል መለኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከትልቅ መስመር ትክክል ስር እስከ 20 ማይክሮ ቴስላ ሊደርስ ይችላል፤ ከ50 እስከ 100 ሜትር ስትርቁ ግን መስመር ከሌለበት ሰፈር ጋር ይስተካከላል። ለሕዝብ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ጣሪያ ደግሞ ለእኛ ዓይነቱ 50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ 200 ማይክሮ ቴስላ ነው። ጸጉር ማድረቂያ ራሳችሁ ላይ ስታስጠጉ ለጥቂት ደቂቃ ከመስመሩ ስር ካለው የበለጠ ልታገኙ ትችላላችሁ። ኤክስሬይ ወይም ኒውክሌር "ጨረር" ከምንለው ጋርም ዝምድና የለውም፤ ዘረ መላችንን የመስበር አቅም የለውም።

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? ከባዶ አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ወርትሃይመር እና ሊፐር፣ በደም ካንሰር የሞቱ ልጆች ብዙ ኤሌክትሪክ በሚያልፍባቸው ሽቦዎች አጠገብ የመኖር ዝንባሌ እንደታየባቸው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠና። እ.ኤ.አ. በ2000 የዘጠኝ ጥናቶች መረጃ ተደምሮ ሲታይ፣ ቤታቸው ውስጥ በአማካይ ከ0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ የሚያገኙ ልጆች ላይ የደም ካንሰር በእጥፍ ገደማ ታየ። እጥፍ የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ሆኖም የልጆች የደም ካንሰር በራሱ ብርቅ በሽታ ነው፤ የብርቅ ነገር እጥፍ አሁንም ብርቅ ነው። ያን ያህል መስክ ቤታቸው ውስጥ ያላቸው ልጆች ደግሞ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር።

እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ2005 ትልቅ ጥናት አውጥተዋል። ከመስመር በ200 ሜትር ውስጥ የተወለዱ ልጆች ላይ በሽታው ከፍ ብሎ አገኙት፤ ግር ያሰኛቸው ግን የማግኔት መስኩ ምንም በማይደርስበት፣ እስከ 600 ሜትር ርቀትም ትንሽ ጭማሪ መታየቱ ነው። ኋላ ጥናቱን ሲያሰፉት ጭማሪው የታየው በ1960ዎቹና በ70ዎቹ በተወለዱት ላይ ሆነ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ በተወለዱት ላይ ጠፋ። መስመሩ ያው መስመር ነው። ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ በ80ዎቹ አይተወውም ነበር፤ ምናልባት የሰፈሩ ኑሮ፣ የነዋሪው ሁኔታ ነው የተለወጠው።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን መስክ እ.ኤ.አ. በ2002 "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" በሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገባው። አሁን ወደ ቡናችሁ። ከ1991 እስከ 2016 ድረስ እዚያው ምድብ ውስጥ፣ ከሽንት ፊኛ ካንሰር ጋር በተያያዘ፣ ቡና ነበረበት! በ2016 መረጃው ሲታይ ቡናን አወጡት። ይልቅ ከ65 ዲግሪ በላይ የሚያቃጥል ማንኛውም መጠጥ ከጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ጋር ስለሚያያዝ ከፍ ባለው ምድብ ውስጥ ተቀመጠ። ከጀበና እንደወረደ ፉት የምትሉ፣ ትንሽ አቀዝቅዙት።

ያ ማጉረምረም ደግሞ አየሩ ሲረጥብ ሽቦው ዙሪያ የሚፈጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ ድምፅ ነው። በራሱ በሽታ አያመጣም። ይሁንና አባታችን ያሉት እውነት አለበት፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

የካንሰሩን ፍርሃት ይህን ያህል ጊዜ ሰጥቼ የማወራው አንዲት እናት ትዝ ስለምትለኝ ነው። የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ መጣች። ልጁ ነጭ ሆኗል፤ መዳፉ ውስጥ ደም የለም። "ዶክተር፣ እኛ ሽቦው ስር ነው የምንኖረው። የደም ካንሰር ነው አይደል?" አለችኝ። ትኩሳት ከጀመረው አሥር ቀን አልፎታል። ለምን ቶሎ አላመጣሽውም ስላት፣ "የሽቦው ከሆነ መድኃኒት የለውም ብለውኝ" አለች። መረመርነው፤ ወባ ነው። ከባድ ወባ፣ ከከባድ ደም ማነስ ጋር። ደም ተሰጠው፤ ዳነ። ግን ሁለት ቀን ቢዘገዩ ኖሮ ሊያልፍ ይችል ነበር፤ ያኔ ሰፈሩ ሁሉ "ሽቦው ገደለው" ይል ነበር። ጋምቤላ በአገራችን ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዷ ናት። እዚህ ልጅ ሲገረጣና ሲያተኩስ የመጀመሪያው ጥያቄ ወባ ነው፤ ቤቱ የትም ይሁን።

እንግዲህ እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ ከላይ የምታዩት ሽቦ ራቁቱን ነው። እንደ ቤታችን ገመድ ፕላስቲክ አልለበሰም። የሚከላከለው አየሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ለመያዝ መንካት አያስፈልግም፤ ረጅም ብረት በበቂ ከተጠጋ ኤሌክትሪኩ አየሩን ዘሎ ይመጣል። ወፎች አርፈውበት ምንም የማይሆኑት በሌላኛው እግራቸው መሬት ስላልነኩ ነው። እኛ ግን ሁሌም መሬት ላይ ነን።

አሁን አንድ ሼድ ሲሠራ አስቡት። ፌሮ ቀጥ አድርጎ የሚያቆም አለ። ስድስት ሜትር ብረት በትከሻው ተሸክሞ ዞር የሚል አለ። ቆርቆሮ ወደ ላይ ሲያቀብሉ ንፋስ ይነጥቀዋል። ሱቁ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ዲሽ የሚሰቅል፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር የሚመታ፣ ባነር የሚዘረጋ ይመጣል። እዚህ ከተማችን ላይ አንድ የራሳችን ጣጣ ይጨመርበታል፦ ማንጎ። ልጆቻችን ማንጎ የሚያወርዱት በረጅም እንጨት ነው። እንጨት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም የሚባለው ለቤት መብራትና ለደረቅ እንጨት ነው። እርጥብ እንጨት፣ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ፊት፣ ሽቦ ማለት ነው።

ሙቀቱስ? ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለውን የጋምቤላ ፀሐይ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ሌሊት ፍራሽ ይዘን ውጭ የምንተኛበት ወቅት ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ የመስመሩም ሽቦ ሲሞቅና ብዙ ኃይል ሲሸከም ይረግባል፤ መሃሉ ወደ መሬት ይወርዳል። በክረምት አይታችሁ "ሩቅ ነው" ያላችሁት ሽቦ በመጋቢት ቀትር ላይ የዚያኑ ያህል ሩቅ አይደለም። ቤት የሚሠራ ሰው ግን አንዴ በዓይኑ ለክቶ ነው የሚጀምረው።

የተቃጠለ ሰው አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ቃጠሎ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ወጣት አክሜያለሁ። መዳፉ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ቁስል፣ እግሩ ላይ ሌላ ትንሽ ቁስል። ጓደኞቹ "ተርፏል፣ ትንሽ ነው የነካው" እያሉ ተደስተዋል። እኔ ግን የሽንቱን ቀለም አየሁት፤ ኮካ ኮላ ይመስላል። ይህ ማለት ውስጥ ያለው ጡንቻ በስሏል፤ የሟሟው ጡንቻ በደም ተጉዞ ኩላሊቱን እየደፈነ ነው ማለት ነው። ኤሌክትሪክ በቆዳ ይገባል እንጂ የሚያቃጥለው ውስጥን ነው፤ ሥጋን፣ ነርቭን፣ የደም ሥርን። ልብን በመንገዱ ካገኘ ምቷን ያዛባል፤ እዚያው ያቆማታል። ያ ወጣት ኩላሊቱ ተረፈ፤ ቀኝ እጁን ከክርኑ በታች አጣ። ቆርቆሮ የሚመታበት እጁ ነበር።

እዚህ ላይ የምንኖርበትን ቦታ አትርሱ። እንደ አዲስ አበባው የየካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ያለበት ቦታ ለመድረስ ከጋምቤላ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ደግሞ የሚወሰነው በሰዓታት ነው።

"እኛ ጥንቃቄ እናደርጋለን፣ ሱቅ ውስጥ ቁጭ ያለ ሰው ምን ይነካል?" ያለኝም አለ። ለእሱ ኪንሻሳን ልንገረው። ጥር 25 ቀን 2014 ዓ.ም. በኮንጎ ዋና ከተማ ዳርቻ ማታዲ ኪባላ የሚባል ገበያ ላይ የከፍተኛ ኃይል ሽቦ ተበጥሶ ወደቀ። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ነበር፤ የሽቦው ጫፍ ውሃ ያቆረ ቦይ ውስጥ ገባ። 26 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ለልጆቻቸው እንጀራ ፍለጋ ወጥተው መደብ ላይ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። ማንም ብረት አላነሳም፤ ማንም ምሰሶ ላይ አልወጣም። ጥፋታቸው ገበያቸው ከመስመሩ ስር መሆኑ ብቻ ነበር። የጋምቤላን ክረምት፣ ባሮ ሲሞላ የሰፈራችንን ቦዮች የሚያውቅ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እኛ አገር ደግሞ የማማዎቹን ብረት እየፈታ የሚሸጥ ሌባ አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል በዚህ ምክንያት ማማዎች እንደወደቁ ደጋግሞ ተናግሯል። ከስሩ ሱቅ የሚከፍት ሰው ያላየው ሌባ ላይም እምነቱን ጥሎ ነው የሚከፍተው።

ወደዚያ ወጣት ልመለስ። "ከፍየል አንሼ ነው?" ላለው። አላነስክም ወንድሜ። የተናደድኩት በአንተ ጥያቄ አይደለም፤ ሥራ ለማግኘት የቀረበልህ ቦታ ከተማው ውስጥ ማንም የማይፈልገው ቦታ በመሆኑ ነው። ሀብታም ሰው ሀይ ቴንሽን ስር ፎቅ ሲሠራ አላየሁም። አደጋ ያለበት መሬት ለድሃ፣ ለወጣት፣ ለሻይ ሻጭ የሚታደልበት ልማድ ጋምቤላ ብቻ ያለ አይደለም፤ አዲስ አበባም አይቼዋለሁ። መሥሪያ ቦታ ይሰጠኝ ማለት መብት ነው። መሥሪያ ቦታው ያስከፈነኛል ወይ ብሎ መጠየቅም መብት ነው። የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ አስተያየታቸውን እንዲሰጡ ይላል፤ አንቀጽ 92ም ይደግመዋል። ስለዚህ ማንጎ ዛፍ ስር ያደረግነው ነገር ወሬ ብቻ አልነበረም።

አሁን እዚያ ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ ቤተሰቦችም አሉ። "ዶክተሩ አደገኛ ነው ብሏል" ተብሎ ነገ ዶዘር እንዲመጣባቸው ይህን አልጻፍኩም። የሣር ክዳን ከሽቦ ስር መሆኑ ያሳስበኛል፤ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል። ግን በዝናብ መሃል ሜዳ ላይ የተጣለ ሕፃን በሳንባ ምች ሲሞት አይቻለሁ። ሕጋዊ ይዞታ ያለው በአዋጅ 1161/2011 መሠረት ካሳ ይገባዋል። ካርታ የሌለውም ቢሆን ሰው ነው፤ መጀመሪያ መሄጃ፣ ከዚያ ማንሳት። ሆላንዶች በ2017 እ.ኤ.አ. ከመስመር ትክክል ስር ያሉ ቤቶችን ባለቤቱ ከፈለገ በገንዘብ የሚገዙበትን አሠራር ዘርግተዋል። የእነሱ ገንዘብ የለንም፤ ቅደም ተከተሉን ግን መኮረጅ እንችላለን።

የልጆች መጫወቻውን በተመለከተ ድርድር የለኝም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ትምህርት ቤት ሲሠራ ከ220 እስከ 230 ኪሎ ቮልት ከሚሸከም መስመር ይዞታ ጫፍ ቢያንስ 46 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። እነሱ ያን ያሉት የካንሰሩ ነገር ገና ያልተቋጨ ነው፣ ልጆች ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚውሉበት ነው በሚል ጥንቃቄ ነው። እኔ የምጨምረው፦ ልጅ ካይት ያበራል፤ ልጅ ማማ ላይ ይወጣል።

መሬቱ ጦሙን ይደር አላልኩም። ባምያ፣ ለውዝ፣ ስኳር ድንች፣ ቅጠላ ቅጠል፤ አጭር የሆነ ሁሉ ሊበቅልበት ይችላል፤ ባለመስመሩ በጽሑፍ ከፈቀደ። የጋምቤላ ገበያ አትክልት ሲያጣ ዋጋው ምን ያህል እንደሚሰቀል እናንተው ታውቃላችሁ። በቆሎ እንኳ ቁመቱን አይቶ ነው። ማንጎ ግን በጭራሽ! ያሉትም ቢሆኑ በባለሙያ ይከርከሙ፤ በገዛ እጃችሁ እንዳትሞክሩት። ውሃ በረጅም ብረት ቱቦ መትከል፣ ድርቆሽ መቆለል፣ ሽቦ አጥር ማጠርም ክልክል ይሁን። ከመስመር ስር ያለ ረጅም የብረት አጥር ሳይነካ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላልና።

ሽቦ ወድቆ ካያችሁ፣ ትልቁም ይሁን በየሰፈሩ በእንጨት ምሰሶ የሚሄደው (እሱም 15 ወይም 33 ሺህ ቮልት ሊሸከም ይችላል፣ እንጨቱ አያታላችሁ)፣ ቢያንስ አሥር ሜትር ራቁ፤ ሌላውንም አርቁ። መሬቱ ራሱ ኤሌክትሪክ ይዟል። በአንድ እግራችሁና በሌላው መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚገድለው፤ ከብቶች ቶሎ የሚወድቁት የፊትና የኋላ እግራቸው ስለሚራራቅ ነው። ቅርብ ከሆናችሁ አትሩጡ፤ ሁለት እግራችሁን አጣብቃችሁ፣ ሳታነሱ፣ እየጎተታችሁ ውጡ። የወደቀውን ሰው ለማዳን መስመሩ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አትጠጉ። ከባድ ነው፤ አውቃለሁ፤ ወንድሙን ሊያነሳ ገብቶ ሁለተኛ ሬሳ የሆነ ሰው ስላለ ነው የምለው። መቋረጡ ከተረጋገጠና ሰውየው የማይተነፍስ ከሆነ ደረቱ መሃል ላይ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ እየተጫናችሁ ወደ ሕክምና አድርሱት። የተያዘ ሰው "ደህና ነኝ" ቢልም ጤና ተቋም ይሂድ። የአካባቢያችሁን የመብራት ጽሕፈት ቤት ስልክም አሁኑኑ መዝግቡ።

ማክሰኞ ማታ ያ ወጣት ደወለልኝ። የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አብረን ጻፍነው፤ ሦስት ነገር ብቻ። መስመሩ ስንት ኪሎ ቮልት ነው? በግራና በቀኝ ስንት ሜትር ነው ከግንባታ ነጻ መሆን ያለበት? ከዚያ ወሰን ውጭ ለማኅበራችን የሚሆን ቦታ የት አለ? የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ለኤሌክትሪክ ኃይል፣ ሦስተኛው ለከተማው መሬት የሚቀርብ ነው። መልሱ በቃል እንዳይሆን፣ ማኅተም ያለበት ይሁን ብዬዋለሁ። አባታችንም ደብዳቤው ላይ ሊፈርሙ ተስማምተዋል፤ ጣታቸውን ቀለም ነክረው። ሰኞ ጠዋት ከሥራ በፊት ይዘነው እንሄዳለን።